ወንበሩ የአደራ ነው

ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት አገር ቤት ያለውን መንግሥት ለመክሰስ አይደለም። እሱን ስንከስ ኖረናል፤ ዛሬ ግን ጥያቄው ወደ ራሳችን ነው። ባለፈው ወር፣ እዚህ በምንኖርበት ከተማ ለፍትሕ የቆሙ ማኅበራት ያቋቋሙት ጥምረት በቦርዱ ውስጥ እንዳገለግል ጠይቆኝ ነበር። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን አንድ የቆየ ዕዳ አለብኝና እሱን በአደባባይ ልናዘዝ።

በ1997 ዓ.ም. አራት ፓርቲዎች ተሰባስበው ቅንጅትን ሲመሠርቱ፣ በውጭ አገርም የድጋፍ ኮሚቴዎች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። እኔም በአንዱ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ተመረጥኩ። ታክሲ የሚነዳው፣ ሆቴል አልጋ የሚያነጥፈው፣ በመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ የሚያድረው ወገን ከጉሮሮው እየነጠቀ አዋጣ። መሪዎቹ በጥቅምት 1998 ታሰሩ፤ ብዙዎቹ ሐምሌ 13 ቀን 1999 ተፈቱ። ደስታችን ግን ወራት አልቆየም። እነሱ ሲከፋፈሉ እኛም ተከፋፈልን። ሊቀመንበራችን ከአንዱ ወገን፣ ጸሐፊያችን ከሌላው ቆሙ። ቼክ የሚወጣው በሁለቱ ፊርማ ስለነበር ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ ቀረ። ጠቅላላ ጉባኤም አልተጠራም።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አንዲት እናት እጄን ያዙና «ልጄ፣ ያ ያዋጣነው የት ደረሰ?» አሉኝ። «በቅርቡ ሪፖርት ይወጣል እማማ» አልኳቸው። አልወጣም። መዝገቡ በእጄ ነበር፤ ማውጣት እችል ነበር። ዝም ያልኩት ወገን የለየሁ እንዳይመስልብኝ ብዬ ነው። ገንዘቡ አልተበላም። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በእስር ለቀሩ ሰዎች ቤተሰቦች ተላከ። ይህንን ግን ለአዋጪው የነገረው የለም። እኚያ እናት ከዚያ ወዲህ ለማንም አንድ ዶላር አላዋጡም። በምን አፌ ልፍረድባቸው?

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ሁልጊዜ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የደቡብ አፍሪካው የተባበረ ዴሞክራሲያዊ ግንባር፣ በተለምዶ ዩዲኤፍ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 1983 ኬፕ ታውን አጠገብ በሚቸልስ ፕሌይን ተመሠረተ። የሰፈር ማኅበራት፣ የሴቶችና የተማሪዎች ድርጅቶች፣ የሃይማኖት ተቋማትና የሠራተኛ ማኅበራት በመቶዎች ሆነው የየራሳቸውን ስም እንደያዙ ገቡበት። ፕሬዚዳንት ማን ይሁን ሲባል አንድ ሰው ላይ አልተቧቀሱም፤ ሦስት መረጡ። አርቺ ጉሜዴ ከናታል፣ ኦስካር ምፔታ ከምዕራብ ኬፕ፣ አልበርቲና ሲሱሉ ከትራንስቫል። ሲሱሉ በዚያን ዕለት እስር ቤት ነበሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 ዋና ጸሐፊው ፖፖ ሞሌፌና የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ሌኮታ ታስረው በዴልማስ የክህደት ክስ ተከሰሱ። ትግሉ ግን አልሞተም፤ ሥሩ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን በየመንደሩ ነበርና።

ከሁሉም የሚገርመኝ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1989 የሆነው ነው። የዊኒ ማንዴላ ጠባቂዎች ወጣቶችን አፍነው ወስደው፣ የ14 ዓመቱ ስቶምፒ ሴይፔ ሞቶ ተገኘ። ኔልሰን ማንዴላ ገና እስር ቤት ነበሩ፤ ዊኒም «የአገሪቱ እናት» ይባሉ ነበር። ሆኖም መርፊ ሞሮቤ የንቅናቄውን መግለጫ በጋዜጠኞች ፊት አንብቦ፣ ንቅናቄው ከእሳቸው መራቁን አሳወቀ። ለመሆኑ በእኛ ቤት ቢሆን ኖሮ ይህን መግለጫ የሚያነብ ይገኝ ነበር?

ዩዲኤፍ የመላእክት ስብስብ አልነበረም። ገንዘቡንና ውሳኔውን ጥቂቶች በጓዳ ይዘውታል የሚል ክስ ከራሱ አባላት ተነስቶበታል። ኤኤንሲ እ.ኤ.አ. በ1990 ሕጋዊ ከሆነ በኋላ ግን፣ በ1991 በስምንተኛ ዓመት ልደቱ ዕለት ራሱን አፈረሰ። መፍረሱ ስህተት ነበር የሚሉ ዛሬም አሉ። ይሁን እንጂ ቆጥረው የተቀበሉትን ወንበር ቆጥረው መልሰዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለን ለምንተርት ለእኛ ይህ ትንሽ ትምህርት አይደለም።

ያኔ ሪፖርት እናውጣ ያለውን ሰው «ለኢሕአዴግ መሣሪያ ማቀበል ነው» እያልን አፉን እናስይዘው ነበር። ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ፈረሰ። ሰበቡ ግን አልፈረሰም፤ የጠላቱ ስም ብቻ ተቀየረ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ለባላጋራ መሣሪያ የሚያቀብለው ሪፖርት ሳይሆን የሪፖርት አለመኖር ነው። ሰው ሒሳቡን ካላየ ሐሜቱን ያምናል። ገዢዎቻችንን «ተጠያቂነት የላችሁም» እያልን ለራሳችን አዋጪ አንዲት ወረቀት ካላሳየን፣ ልዩነታችን የወንበሩ መጠን ብቻ ነው።

ስለዚህ ለጋበዘኝ ጥምረት መልሴ ይህ ነው። እገባለሁ፤ ሦስት ነገሮች በመተዳደሪያ ደንቡ ከተጻፉ። አንደኛ፣ ማንም የቦርድ አባል ከሁለት ዓመት በላይ በአንድ ወንበር አይቀመጥ። ሁለተኛ፣ በየሦስት ወሩ የገቢና የወጪ ሒሳብ ለአዋጪው ሁሉ ይነበብ፤ መልካም ባይሆንም ይነበብ። ሦስተኛ፣ ብንለያይ ገንዘቡ ለማን እንደሚሄድ ዛሬ፣ ገና ተዋደን ሳለን ይወሰን። ሠርግ ላይ ስለ ፍቺ ማውራት ያሳፍራል የሚል ካለ፣ እኔ ያለዚያ ንግግር የደረሰብንን አይቻለሁ።

እኚያን እናትም ፈልጌ አገኛቸዋለሁ። የአሮጌው መዝገብ ቅጂ በእጄ አለ። ዘግይቶም ቢሆን ሒሳቡን ቁጭ ብዬ አነብላቸዋለሁ።

ቸር ያሰንብተን።