ብረት ለምን ያማልላል?

በሞንትሪያል የሚገኘው የኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 39 ወንዶችን ሁለት መኪና በየተራ አስነዱ። አንዱ ጣሪያው የሚከፈት ውድ ፖርሽ፣ ሌላው 16 ዓመት ያገለገለ ቶዮታ ካምሪ ነበር። ምራቃቸው እየተወሰደ ሲለካ፣ ፖርሹን ሲነዱ ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን ጨምሮ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው በዚህ ጥናት ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ጭማሪው ሰው በሚርመሰመስበት መሃል ከተማ ብቻ ሳይሆን ተመልካች እምብዛም በሌለበት አውራ ጎዳና ላይም መታየቱ ነው።

መኪና የሚወድ ሰው «ጉራ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጉራስ አለበት። ብዙ ሰው በማያይበት መንገድ ላይ ደም የሚያሞቅ ነገር ግን ጉራ ብቻ ሊሆን አይችልም። መኪና የሚያማልለው በዓይን፣ በአፍንጫና በጆሮ በኩል ነው፤ ይህን ደግሞ አምራቹ ከገዢው አብልጦ ያውቀዋል።

የቪየና ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ሰዎች የመኪናን ፊት እንደ ሰው ፊት እንደሚያነቡት አሳይተዋል። መብራቱ ዓይን፣ የአየር ማስገቢያው አፍ ይሆናል። ዝቅና ሰፋ ብሎ መብራቱ የጠበበው ጎልማሳ፣ ወንድና ኃይለኛ ይመስላል፤ መብራቱ የገዘፈው፣ የፊት መስታወቱ ከፍ ያለው ደግሞ ልጅ ወይም ሴት። ይህ ከማስታወቂያ የመጣ ይሆን? ያንን ለማጣራት ጥናቱ እስከ ኢትዮጵያ ገጠር ዘለቀ። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ውጤት መሠረት፣ የመኪና ማስታወቂያ ብዙም ያልደረሰው የገጠር ነዋሪና ኦስትሪያዊው በአመዛኙ ተቀራራቢ ፍርድ ሰጡ። ሚኒባሱን ዶልፊን ብሎ የሰየመው የአዲስ አበባ ሰውም ቪየና ሄዶ አልተማረም።

አፍንጫ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል። የአዲስ መኪና ሽታ ከፕላስቲክ፣ ከማጣበቂያና ከቆዳ የሚተን ኬሚካል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጀርባው በላብ እየራሰም ቢሆን የወንበሩን ላስቲክ ሳያነሳ የሚነዳ ሞልቷል፤ ለእሱ ሽታው የአዲስነት ምስክር ነው። ብዙ ቻይናውያን ገዢዎች ግን ያንኑ ሽታ አምርረው ይጠሉታል። ፎርድ እዚያ ምንጣፉን፣ መሪውንና የወንበሩን ጨርቅ እያሸተቱ የሚፈትኑ ሠራተኞች ቀጥሯል።

በሩ ሲዘጋ የሚሰማው ወፍራም «ድም» የሚል ድምፅም እንዲያው የመጣ አይደለም። መሐንዲሶች የበሩን ቆርቆሮ በንዝረት ማፈኛ እየለበጡ፣ የጎማ ማሸጊያውን እየመረጡ የሚቀምሩት ነው። መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ሞተር ሳያስነሳ በር ከፍቶ ይዘጋልና።

መኪናን ከፍትወት ጋር የሚያያይዘው ወሬ ግን አብዛኛው የሻጭ ድርሰት ነው። ከቪየና ወደ አሜሪካ የተሰደደው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኧርነስት ዲክተር፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ገደማ ለክራይስለር ኩባንያ የፕሊማውዝ ገዢዎችን ካነጋገረ በኋላ፣ ጣሪያው የሚከፈተው መኪና ለወንዱ እንደ ውሽማ፣ ባለ ጣሪያው እንደ ሚስት ነው አለ። ውሽማዋ በመደብሩ መስኮት ላይ ቆማ ትጠራለች፤ ገብቶ የሚገዛው ሚስትየዋን ነው። ይኸው ዲክተር በመኪና ግዢ ላይ የሚስቶች ቃል ከባድ እንደሆነ ደርሶበት ነበር። ያኛው ግኝት እንደ ውሽማዋ አልተወራም። በየአውደ ርዕዩ መኪና ዳር ሴት ማቆምም ለረጅም ጊዜ ወግ ሆኖ ኖረ፤ የመኪና ውድድሩ ፎርሙላ ዋን እንኳ የተወው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ ለአዲስ አበባ ገዢ ከውጭ የሚገባለት የሚያገሳ ሞተር የሌለው መኪና ነው። አምራቾች ለዚህም መላ አላጡም። ቢኤምደብሊው ገና በነዳጁ ኤም 5 ሞዴል ላይ የሞተሩን ድምፅ በስፒከር ወደ ውስጥ ማሰማት ጀምሮ ነበር፤ ለኤሌክትሪኮቹ ደግሞ የፊልም ሙዚቃ ደራሲውን ሃንስ ዚመርን ቀጠረ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዳዲስ የኤሌክትሪክ ሞዴሎች ቀስ ብለው ሲሄዱ ድምፅ እንዲያወጡ ያስገደደው እግረኛ እንዳይገጭ ነው። የውስጠኛው ድምፅ ግን የሚያገለግለው የነጂውን ስሜት ብቻ ስለሆነ፣ ሻጩ ሰው ሠራሽ መሆኑን አስቀድሞ ቢናገርና ማጥፊያውንም ቢያሳይ ተገቢ ነው።