ስለ ጤና ተማሪዎች እጅና አፍንጫ

የመንዝ፥ የግሼና የመርሐቤቴ ሕዝብ፥ መኪና ከማይደርስበት ቀበሌ ሕመምተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ ሆስፒታል የሚያደርሰው ድኅነትን ሽቶ ነው። በሆስፒታል ከሐኪሙና ከነርሷ ጋራ ለሥራ ልምምድ የመጡ ተማሪዎች ይቀበሉታል። እነዚህ ወጣቶች የነገ የጤና ዘበኞች ናቸውና እናከብራቸዋለን። ነገር ግን ሊረዱት የቀረቡትን ሕመምተኛ ሳያውቁት የሚጎዱበት አንድ መንገድ ስላለ፥ በዚሁ ነገር አሳባችንን ለመግለጽ ወደድን።

ስታፊሎኮከስ ኦውሬውስ የሚባለው ባክቴሪያ ስሙን ያገኘው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት የወይን ዘለላ ስለሚመስል ነው። ስታፊሎኮከስ የሚለውን ስም ያወጣለት አሌክሳንደር ኦግስተን የተባለ የስኮትላንድ ቀዶ ሐኪም ነው፤ ይኸውም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1880ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ይህ ባክቴሪያ ከጤነኞች ሰዎች መካከል ከመቶው በ30 ያህሉ አፍንጫ ውስጥ ይገኛል፤ ባለቤቱንም ብዙ ጊዜ አይጎዳውም። ስለዚህ መሸከሙ ነውር አይደለም። ጥፋቱ የሚጀምረው አፍንጫ የነካ እጅ ሳይታጠብ ቁስል፥ የመርፌ ቦታ ወይም የሕፃን እትብት ሲነካ ነው። ያን ጊዜ ብጉንጅ፥ የቁስል መመርቀዝ፥ ሲብስም ደምን የሚመርዝ ሕመም ያመጣል። ተማሪውም በበኩሉ ከሕመምተኞች መድኃኒት የለመደውን ዓይነት ተቀብሎ ወደ መኖሪያው ሊወስድ ይችላል። ሜቲሲሊን የተባለውን መድኃኒት የተቋቋመው ዓይነት ገና በ1961 በእንግሊዝ አገር መታወቁን እናስታውስ።

የተማሪ እጅ የቱን ያህል ኃይል እንዳለው የቪየና ታሪክ ይመሰክራል። ዶክተር ሰመልዋይስ ሬሳ መርምረው በቀጥታ ወደ ወላዶች የሚገቡት ተማሪዎች እጃቸውን በክሎሪን ኖራ ውሃ እንዲታጠቡ በ1847 አዘዘ። ከትእዛዙ በፊት በአንድ ወር ከመቶ ወላዶች 18 ያህሉ ሲሞቱ፥ ከትእዛዙ በኋላ ወዲያው ወደ 2 ወረደ። የዚያ ሕመም ባክቴሪያ በአመዛኙ ሌላ ዓይነት ቢሆንም፥ መንገዱ ያው እጅ ነበር።

አንዳንዶች፥ «የተማሪዎች ሁሉ አፍንጫ ተመርምሮ ባክቴሪያው የተገኘባቸው መድኃኒት ይሰጣቸው» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ መድኃኒትም ያለ ልክ ሲሰጥ ይለመዳል። እንዲህ ያለው ሕክምና ለአንዳንድ ከባድ ቀዶ ሕክምና ዝግጅትና ወረርሽኝ ለተነሣበት ክፍል ቢቆይ ይሻላል።

ከሁሉ የምንፈራው የሚደበቀውን ብጉንጅ ነው። ተማሪው የልምምድ ቀኑ እንዳይጎድልበት ሠግቶ በጣቱ ላይ ያለውን መግል በጓንት ሸፍኖ ወደ ማዋለጃ ክፍል ቢገባ፥ ፈተናውን ያልፍ ይሆናል፤ ዕዳውን ግን የምትከፍለው እናቲቱ ናት። ስለዚህ ማሠልጠኛዎች አንድ ደንብ እንዲያቆሙ እንጠይቃለን፤ ይኸውም ቁስሉን የተናገረ ተማሪ እስኪድን ድረስ ከቁስለኞች፥ ከአራስ ሕፃናትና ከቀዶ ሕክምና ክፍል ይራቅ፥ የጎደለው ቀን ያለ ቅጣት ይተካለት የሚል ነው። እውነት የተናገረውን ብንቀጣ መደበቅን አስተማርን ማለት ነው።

ከደንቡ ጋራም ውሃና ሳሙና ይቅረብ። በደጋው ውርጭ በማለዳ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ እንደሚከብድ እናውቃለን፤ እጅ በዓይን የሚታይ እድፍ ከሌለው የእጅ አልኮል ለ20 ወይም ለ30 ሰኮንድ ማሸት ይበቃል። መምህሩም ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ ሲሻገር አስቀድሞ እጁን ያጽዳ፤ ተማሪ ከቃል ይልቅ ሥራን ይከተላልና። በአንድ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎችም ፎጣና ምላጭ አይዋዋሱ።

ሕመምተኛና አስታማሚም፥ «ልጄ፥ እጅህን ታጥበሃልን?» ብለው ቢጠይቁ እንደ ድፍረት አይቆጠርባቸው። የሚጠየቀውም ተማሪ ሳይቀየም፥ «አዎን» ለማለት ዘወትር የተዘጋጀ ይሁን።