የማይተካ ጅራት፦ በቤት ውስጥ በሚያድግ እስስት ላይ የሚደርስ ጉዳትና የመጠበቅ አደጋ

በቤቱ እስስት የሚያሳድግ ሰው አንድ ጠዋት የእንስሳውን የጅራት ጫፍ ጠቁሮ፣ ቀጥኖና ደርቆ ቢያገኘው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው መጠበቅን ነው። ይህን የሚያደርገው ከስንፍና ወይም ከጭካኔ የተነሣ አይደለም። እንሽላሊት ጅራቷን ጥላ ስታመልጥ፣ ከጊዜ በኋላም ሌላ ስታበቅል ያየ ወይም የሰማ ሰው የእስስትም ጅራት እንዲሁ ይተካል ብሎ ቢያስብ አያስደንቅም። ሐሳቡ ግን ስሕተት ነው። በዚህ ስሕተት ላይ የቆመው ትዕግሥት ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ቁስል የከፋ ጉዳት ያደርሳል።

የብዙ እንሽላሊቶች የጅራት አጥንቶች በተፈጥሮ የተዘጋጀ የመሰበሪያ መስመር አላቸው። እንስሳዋ በጠላት ስትያዝ ጡንቻዎቿ በዚያ መስመር ላይ ይኮማተሩና ጅራቱ ይለያል፤ የሚፈሰውም ደም ጥቂት ነው። ቆይቶ የሚበቅለው ምትክ በአከርካሪ አጥንት ፈንታ የልምአጥንት ዘንግ ይዞ ይወጣል። በእስስት ጅራት ውስጥ ግን ይህ የመሰበሪያ መስመር የለም። እስስት ጅራቱን በፈቃዱ አይጥልም፤ ከተቆረጠበትም መልሶ አያበቅልም። በዛፍ ላይ ለሚኖሩት ዝርያዎች ደግሞ ጅራት እንደ አምስተኛ እግር ነው። ጣቶቹ ለሁለት ተከፍለው ቅርንጫፍን እንደ ጉጠት ሲቆነጥጡ፣ ጅራቱ ከኋላ ተጠምጥሞ ይይዘዋል፤ እንስሳውም በዚህ ተማምኖ አካሉን ወደ ፊት ዘርግቶ ምላሱን ይወረውራል። በማዳጋስካር መሬት ላይ በወደቀ ቅጠል መካከል የሚኖሩት ትንንሾቹ እስስቶች አጭር ጅራት ስላላቸው ከዚህ ይለያሉ፤ በብዛት በቤት የሚያዙት ግን እነዚያ አይደሉም። በአማርኛ እስስት የሚታወቀው በቀለሙ ነው፤ አቋሙን የሚለዋውጥ ሰው ሁሉ በስሙ ይጠራል። በኢትዮጵያ ደጋዎች ቁጥቋጦ ላይ እየተንጠለጠለ የሚኖርበትን ጅራት ግን ቋንቋው ብዙም ያስታወሰው አይመስልም።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በቤት ውስጥ በብዛት ከሚያዙት መካከል የየመን እስስት ይገኝበታል፤ የትውልድ አካባቢው የመንና ደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ ነው። ወንዱ ጅራቱን ጨምሮ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ይህን ያህል ርዝመት ያለው እንስሳ በጠባብ ማቆያ ውስጥ ሲኖር ጅራቱ በበር መካከል ይያዛል፤ ከአምፖል ጋር ተጠግቶ ይቃጠላል፤ ለብቻው መኖር የሚገባው ሆኖ ሳለ ከሌላ እስስት ጋር ሲዳበል ይነከሳል። ለምግብ ተለቀው ሳይበሉ የቀሩ ፌንጣዎችም ሌሊት ሲያንቀላፋ ቆዳውን ሊቦጫጭቁት ይችላሉ። ካልሲየምና አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር የጎደለው እስስት አጥንቱ ስለሚለሰልስ፣ ጤነኛውን የማይጎዳ ግጭት የእርሱን ጅራት ይሰብረዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሳይታወቅ የሚመጣው ግን የአሮጌ ቆዳ ቀለበት ነው። እስስት አሮጌ ቆዳውን የሚጥለው እየተቆራረሰ ነው። የማቆያው አየር ደረቅ ከሆነ ወይም እንስሳው በቂ ውኃ ካላገኘ፣ በጅራቱ ጫፍ ዙሪያ ቁራጭ ቆዳ ሳይወድቅ ይቀራል። ቁራጩ በደረቀ ቁጥር እንደ ክር ይጠብቃል፤ ከሥሩ ያለውን የደም ዝውውርም ያግዳል። ባለቤቱ በሳህን ውኃ ስለቀረበ እንስሳው የጠጣ ይመስለዋል፤ እስስት ግን በተለምዶ ከሳህን አይጠጣም፤ ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠብ ውኃ ይልሳል እንጂ። ስለዚህ የጠቆረው የጅራት ጫፍ ሊመሰክር የሚችለው ከሳምንታት በፊት ስለ ጀመረ ጥማት ነው።

እንዲህ ያለ ጉዳት በታየበት ዕለት ባለቤቱ በቤቱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ጥቂት ቢሆንም ዋጋ አለው። የቀረውን ቆዳ በኃይል መሳብ አይገባም፤ ከሥሩ ያለውን ጤነኛ ቆዳ አብሮ ይገፈዋል። እርጥበቱን ከፍ ማድረግ፣ ክፍት ቁስል ካለ በውኃ በተበረዘ አዮዲን በለስላሳው ማጠብ፣ አብሮት የሚኖር እስስት ካለ መለየት፣ ፌንጣዎቹን ማውጣት ይበቃል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሊድን የሚችለውን ሕብረ ሕዋስ ስለሚጎዳ አይመከርም፤ ማደንዘዣ የተቀላቀለበት የሰው ቅባትም ለዚህ ትንሽ ሰውነት መርዝ ሊሆን ይችላል። ሙቀቱም ሊዘነጋ አይገባም። እስስት የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ስለሆነ፣ በቀዘቀዘ ማቆያ ውስጥ የሰውነቱ መከላከያም የቁስሉ መዳንም ይዘገያል። ለየመን እስስት የመሞቂያው ቦታ ቀን ቀን 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሊሆን ይገባል። በመጨረሻም የጠቆረው ክፍል ከጤነኛው የሚለይበትን መስመር ከማስመሪያ ጋር ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ይህ ለሐኪሙ ከረጅም ገለጻ ይልቅ ይጠቅማል። ፎቶግራፉ ግን ወደ ሐኪም ቤት ሲኬድ የሚያዝ ማስረጃ እንጂ ሌላ ሳምንት ለመጠበቅ ምክንያት መሆን የለበትም።

መጠበቅ አደገኛ የሚሆነው ተሳቢ እንስሳት ቁስልን የሚይዙበት መንገድ ከአጥቢዎች ስለሚለይ ነው። የእነርሱ መግል እንደ ፈሳሽ አይወጣም፤ እንደ አይብ ይረጋል። የረጋው መግል ውስጥ መድኃኒት በቀላሉ ስለማይገባ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና መውጣት ያስፈልገዋል። የሞተው ክፍል ደርቆ በቦታው ሊቆም ይችላል፤ ነገር ግን ኢንፌክሽን ከገባበት ወደ ላይ፣ ወደ ገላው ይጓዛል። እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ደግሞ የመያዣ አካል ነው። በወንዱ እስስት የመራቢያ አካላቱ የተቀመጡት በጅራቱ ሥር ስለሆነ ጉዳቱ እስከዚያ ከደረሰ ቀዶ ሕክምናው እጅግ ይወሳሰባል። ከጫፉ ሁለት ሳንቲ ሜትር በመቁረጥ ሊያልቅ የሚችለውን ጉዳይ እዚያ የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ መዘግየት ነው።

ብዙ ባለቤቶች «ይቆረጥ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ መቁረጥን የሕክምና ሽንፈት አድርገው ያዩታል። በጊዜው የተደረገ መቁረጥ ግን የቀረውን ጅራት ያተርፋል። ሐኪሙ እንስሳውን አደንዝዞ፣ ከሞተው መስመር ከፍ ብሎ በጤነኛው ክፍል፣ በሁለት አጥንቶች መጋጠሚያ ላይ ይቆርጣል። ጅራት በሚያበቅሉ እንሽላሊቶች የተቆረጠው ቦታ ምትኩ እንዲወጣ ክፍት ይተዋል፤ በእስስት ግን ይሰፋል። የተሳቢ ቆዳ ቀስ ብሎ ስለሚገጥም ስፌቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ጭካኔ የሚባለው በቤት ውስጥ በመቀስ መቁረጥ ወይም ጫፉ እንዲወድቅ በክር ማሰር ነው። የተሳቢ እንስሳት ኅብለ ሰረሰር እንደ ሰው ወገብ ላይ አያበቃም፤ እስከ ጅራት ጫፍ ይዘልቃል። መቀሱ ያለ ማደንዘዣ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። መርፌም ቢሆን የባለቤት ሥራ አይደለም። ከኋላው የሰውነት ክፍል የሚመለሰው ደም ወደ ልብ ሳይደርስ በኩላሊት በኩል ሊያልፍ ስለሚችል፣ የተሳቢ ሐኪሞች መድኃኒትን በፊተኛው የሰውነት ክፍል መውጋትን ይመርጣሉ።

እርግጥ ነው፣ የተጎዳ ጅራት ሁሉ አይቆረጥም። ከዓመታት በፊት ተሰብሮ ጠምዞ የገጠመ፣ ቀለሙ ከሌላው ገላ ጋር አንድ የሆነ፣ ቅርንጫፍም የሚጨብጥ ጅራት መልኩን ለማሳመር ተብሎ ሊነካ አይገባም። በራጅ ታይቶ የተረጋጋ መሆኑ ከታወቀ ይበቃል። በዚህ ረገድ የሚቸኩል ሐኪም ከሚዘገይ ባለቤት አይሻልም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የዋጋ ነው። ቀዶ ሕክምናው እንስሳው ከተገዛበት ገንዘብ ብዙ እጥፍ ሊያስወጣ ይችላል፤ «በዚህ ገንዘብ ሌላ ይገዛል» የሚለው ሐሳብም በግልጽ ይነገራል። ክርክሩ በሒሳብ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በኃላፊነት ግን አይጸናም። አምፖሉን የሰቀለው፣ በሩን የዘጋው፣ ውኃውን በሳህን ያቀረበው ባለቤቱ ነው፤ እስስቱ ከሽቦው ውጭ ሌላ ቅርንጫፍ የመምረጥ ዕድል አልነበረውም። የሐኪም እጥረት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በብዙ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች ዋናው ትኩረት የቤት ከብትና ውሻ፣ ድመትም ስለሆነ፣ ተሳቢ አክሞ የማያውቅ ሐኪም ባለቤቱን «እንየውና» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። እንስሳውን የሚሸጠው ነጋዴ በዚያ ከተማ ተሳቢ የሚያክም ሐኪም ማን እንደ ሆነ ለገዥው እንዲነግር ቢገደድ ትልቅ ወጪ አይጠይቅም፤ ብዙ ጅራት ግን ያተርፋል።

ከቀዶ ሕክምና የተመለሰ እስስት ሚዛኑን እስኪለምድ ይንገዳገዳል። ቅርንጫፎቹ ዝቅ ብለውና ተቀራርበው፣ ወፈርም ያሉ ሆነው ሊደረደሩለት፣ ከታችም ለስላሳ ነገር ሊነጠፍለት ያስፈልጋል። ልምድ ያለው ሐኪም እንስሳውን ብቻ አይቶ አይመልስም፤ የማቆያውን ፎቶግራፍ አምጡ ይላል፤ የአምፖሉን ርቀት፣ የውኃውን አሰጣጥ፣ የበሩን ክፍተት ይጠይቃል። በሩ ካልተስተካከለ አዲስ የተሰፋውን ጉንድሽ የሚቆነጥጠው ያው የቀድሞው በር ነው።