ጉንፋን በላብ ይወጣል ያለው ማን ነው?

«ጉንፋን ያዘህ? ውጣና ሩጥ፣ ሲያልብህ ይለቅሃል።» ይህን ምክር በሠፈር ሜዳ፣ በጂም ወይም በስቲም ቤት ደጃፍ ያልሰማ ማን አለ? የሚመክሩት ለወዳጃቸው አስበው ነው። ግን ላቡ ነው ትኩሳቱን ያበረደው ወይስ ትኩሳቱ ሲበርድ ነው ላቡ የመጣው? ይህን የጠየቀ አለ?

መልሱ ሁለተኛው ነው። ቫይረስ ሲገባ አንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ልኩን ከፍ ያደርጋል። ሰውነት ከ37 ዲግሪ ወደ 39 እስኪወጣ ድረስ ብርድ ብርድ ይለናል፣ እንንቀጠቀጣለን፣ ጋቢ እንደርባለን። በሽታው ሲሸነፍ ልኩ ወደ ቦታው ይመለስና ትርፉ ሙቀት በላብ ይወጣል። ታማሚው አልቦት ሲነቃ ቀለል የሚለው ለዚህ ነው። ውጤቱን መንስኤ አድርገን ስንት ወጣት ከአልጋው አስነሥተን ሜዳ አወጣን?

«ታዲያ ሙቀት ቫይረስን ያዳክማል አይደል?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት አለው። የኖቤል ተሸላሚው ፈረንሳዊ አንድሬ ልዎፍ የፖሊዮ ቫይረስ በትኩሳት ልክ ባለ ሙቀት መባዛት እንደሚከብደው አሳይቷል። የልብ ጡንቻን በማስቆጣት የሚታወቀው ኮክሳኪ ቫይረስ ደግሞ የፖሊዮ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በታተመ ጥናት፣ ይህን ቫይረስ በተለመደው ሁኔታ የሚቋቋሙ ጎልማሳ አይጦች ብርድ ውስጥ ሲቀመጡ ተሸንፈዋል። ስለዚህ ሙቀት ወገናችን ነው። ጥያቄው የቱ ሙቀት ነው የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ውስጥ የታተመውን ሌላ ሙከራ እንይ። የዚሁ ቫይረስ ዓይነት የሆነው ኮክሳኪ ቢ3 የተሰጣቸው አይጦች ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እንዲዋኙ ተገደዱ። እንቅስቃሴ ሙቀትን የሚጨምር፣ ሙቀትም ቫይረስን የሚገድል ከሆነ መዳን አልነበረባቸውም? የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በልባቸው ውስጥ ያለው ቫይረስ ካልዋኙት ጋር ሲነጻጸር በመቶዎች እጥፍ በዛ፣ ልባቸው ተለጥጦ ደከመ፣ ብዙዎቹም ሞቱ። አይጥ ሰው አይደለም፤ ቢሆንም «በላብ ይወጣል» የሚል ሰው ይህን ውጤት ምን ሊያደርገው ነው?

ትኩሳት ሰውነት ራሱ ያዘዘው ነው፤ ከመከላከያ ሠራዊቱ ንቅናቄ ጋር አብሮ ይመጣል፣ ሰውየውንም አልጋ ላይ ያውለዋል። የሩጫና የእንፋሎት ሙቀት ግን ማንም ሳያዝዝ የሚጫን ነው። የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የልብ ምት በደቂቃ ወደ 10 ገደማ ይጨምራል። ተኝቶ ሳለ በ70 ትመታ የነበረች ልብ በ39 ዲግሪ ትኩሳት ያለ ምንም ሥራ 90 ልትደርስ ነው። በዚህ ላይ ደም ለእግር ጡንቻና ለቆዳ እንድትረጭ፣ በላብ የጎደለውንም ፈሳሽ እንድታካክስ እናዝዛት? ጡንቻዋ ራሱ በቫይረስ ተይዞ ሊሆን ይችላል እኮ!

ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1992 ድረስ ካርታና ኮምፓስ ይዘው በጫካ የሚሮጡ 16 ወጣት ስፖርተኞች በድንገት ሞቱ። በበርካቶቹ ልብ ላይ የብግነት ምልክት ተገኘ። ተጠያቂው ተሕዋስ የትኛው እንደሆነ ብዙ ተከራክረዋል፤ ስፖርቱ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም፣ የምርጥ ሯጮቹን ልምምድና ውድድር ለወራት አቆመ። የእኛ ክለብ አንድ ትኩሳት ያለበትን ተጫዋች ለአንድ ጨዋታ ማሳረፍ ለምን ይከብደዋል?

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስቆጣኝ ከጨዋታ በፊት የሚሰጠው ፓራሲታሞል ነው። ትኩሳት ያንገበገበውን ሕፃን ለማሳረፍ፣ የታመመ ሰው እንቅልፍ እንዲያገኝ መስጠት ተገቢ ነው፤ በዚያ ጥል የለኝም። ነገር ግን ለ90 ደቂቃ ሩጫ ብሎ ትኩሳቱን ማውረድ ምን ማለት ነው? ክኒኑ ቴርሞሜትሩን ያወርዳል፤ ቫይረሱን አይነካም። «አትሩጥ» የሚለውን ምልክት አጥፍቶ ልጁን ሜዳ ያስገባ አሠልጣኝ ልጁ ደረቱን ይዞ ቢወድቅ ለእናቱ ምን ይላል?

የባየርን ሙኒኩ ተጫዋች አልፎንሶ ዴቪስ በጃንዋሪ 2022 ከኮቪድ በኋላ የልብ ጡንቻ ብግነት ምልክት ሲታይበት ክለቡ ከሜዳ አራቀው፤ የተመለሰው በኤፕሪል ነው። የልብ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ሲመክሩ የኖሩትም ከ3 እስከ 6 ወር ዕረፍት ነበር። ዴቪስ የሚከታተለው ሐኪም ነበረው። የእኛ ሠፈር ልጅ ከጉንፋን በኋላ ደረቱን ሲወጋው፣ ልቡ ሲዘልበት፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ሲያጥረው «ተጫጭኖህ ነው፣ ስቲም ግባ» ይባላል። ለምን የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ተነሣ፣ የልብ ጡንቻ ጉዳትን የሚያሳየውን የትሮፖኒን የደም ምርመራም አድርግ አይባልም? ስቲም ቤቶቹስ «ትኩሳት ካለዎት ዛሬ አይግቡ» የሚል አንድ ወረቀት በራቸው ላይ ቢለጥፉ ምን ይጎድልባቸዋል?