«ላኩ!» ይሉናል፤ በየት በር እንላክ?

ራዲዮ ብትከፍቱ «የውጭ ምንዛሪ!»፤ ቴሌቪዥን ብትከፍቱ «ኤክስፖርት!»፤ ስብሰባ ብትገቡ «ጥቃቅንና አነስተኛ!»። ባዛር በተከፈተ ቁጥር ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አይጠፋም። ነጠላ አንገቱ ላይ ጣል ይደረግለታል፣ ፎቶ ይነሣል፣ «የባህል አልባሳቶቻችንን ለዓለም ገበያ ማቅረብ አለብን» ብሎ አስጨብጭቦ ይሄዳል። እኛም አጨብጭበን እንቀራለን። ለመሆኑ ከነዚህ ባለሥልጣናት አንዱ ያቺኑ አንገቱ ላይ ጣል ያደረጉለትን ነጠላ ጠቅልሎ፣ በራሱ እጅ፣ በራሱ ገንዘብ፣ ውጭ አገር ላለ ገዢ ልኮ ያውቃል? አንድ ጊዜ ቢሞክራት ኖሮ የሚቀጥለውን ንግግር ያሳጥር ነበር።

እኔ ሽሮ ሜዳ ከሸማኔዎች እየተረከብኩ ነጠላ፣ ጋቢና የአንገት ልብስ የምሸጥ ሴት ነኝ። ፋብሪካ የለኝም፤ መኪና የለኝም፤ ባለሥልጣን ዘመድም የለኝም። ያሉኝ ከእንጦጦ ግርጌ፣ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከተው ከጧት እስከ ማታ መወርወሪያ የሚያመላልሱ ባለሙያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ፣ ሙያውን ከአባቶቻቸው የወረሱ። ዋሽንግተን፣ ለንደንና ስቶክሆልም ደግሞ ጥቂት ደንበኞች አሉኝ። እንግዲህ አስቡት፤ ዕቃ አለ፣ ባለሙያ አለ፣ ገዢም ገንዘቡን ይዞ ይጠብቃል። የጠፋው መንገዱ ነው። ስለ ገበያ መጥፋት የሚያወሩ ሊቃውንት ስለ በሩ መዘጋት ለምን ዝም እንደሚሉ አይገባኝም።

በሩ እንዴት እንደተዘጋ ልንገራችሁ። አንድ ጋቢ ይዤ፣ ስሙን የማልጠራው መ/ቤት መስኮት ፊት ቆምኩ።

«ምንድነው?»

«ጋቢ።»

«ስንት?»

«አንድ።»

«ስጦታ ነው ሽያጭ?»

«ሽያጭ ነው» አልኩ።

«እንግዲያስ የላኪነት ንግድ ፈቃድ፣ የባንክ ፈቃድና ኢንቮይስ ያስፈልጋል።»

«አንድ ጋቢ እኮ ነው የኔ ወንድም!»

«ቢሆንስ እህቴ? አንድም ጋቢ ቢሆን ኤክስፖርት ነው።»

ከኋላዬ የተሰለፈች ሴት ጎሸም አደረገችኝና «ስጦታ ነው አትይም እንዴ? ምን ያስለፈልፍሻል?» አለችኝ። ወይ ጉድ! ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ወረቀቱ ያዘዘውን ነው የሚናገረው። ግን እስቲ ፍረዱ። እውነት የተናገረ ሦስት ቢሮ ይዞራል፤ የዋሸ በአንድ ፊርማ ያልፋል። ሕግ ሰውን ውሸት የሚያስተምር ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው?

«ስጦታ» ተብሎ የሄደ ጋቢ ደግሞ ዳፋው ብዙ ነው። ቢጠፋ በዋጋው ካሣ አይጠየቅበትም። እዚያ ያለው ጉምሩክ ሽያጭ መሆኑን ከደረሰበት ገዢዋ ትጉላላለች። ዶላሩም በባንክ ስለማይመጣ አገሪቱ አታየውም። ከዚያ በኋላ ሪፖርት ይጻፋል፤ «የዕደ ጥበብ ኤክስፖርት ዝቅተኛ ነው» ይባላል። እንዴት ከፍ ይበል? እናንተው በር ዘግታችሁ ሻንጣ ውስጥ ከተታችሁት! አሜሪካ የሚሄድ ተጓዥ ሁለት ሻንጣ፣ 23 23 ኪሎ ተፈቅዶለታል። የሽሮ ሜዳ እውነተኛው ካርጎ እሱ ነው። ዘመድ ለዘመድ፣ ጎረቤት ለጎረቤት እየለመነ ያስይዛል። በልመና የሚጓዝ ንግድ ደግሞ ከልመና አያልፍም።

ፈቃዱን ጨርሻለሁ፣ ወረቀቱን አሟልቻለሁ እንበል። አሁን ወደ ሚዛኑ ኑ። ፈጣን መልእክት አድራሾቹ የሚያስከፍሉት በክብደት ብቻ አይደለም። ቁመቱን በወርዱ በከፍታው በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ5,000 ያካፍሉታል፤ የወጣው ቁጥር ከሚዛኑ ከበለጠ በእሱ ያስከፍላሉ። ጋቢ ደግሞ እናቶች በእንዝርት ከፈተሉት ጥጥ በአራት ንብርብር የሚሠራ፣ አየር የሞላው ልብስ ነው። በ40 በ30 በ25 ካርቶን የገባ ጋቢ ሚዛን ላይ 2 ኪሎ ቢሆን፣ በሂሳባቸው 6 ኪሎ ነው! አራቱ ኪሎ አየር ነው። የአገሬን አየር በዶላር ተመን ተሸክሜ እከፍላለሁ ማለት ነው። የማድረሻው ዋጋ የነጠላዋን ዋጋ በልጦ ስታዩ፣ ገዢ ሆናችሁ ትገዙ ነበር?

«በተራ ፖስታ ላኪዋ» የሚል ይኖራል። ልኬያለሁ። የትንሣኤን በዓል አስባ የአንገት ልብስ ያዘዘች ደንበኛዬ በዓሉ አልፎ ጾመ ሐዋርያት ሲገባ ደረሳት። የት እንዳለ በየሳምንቱ ስጠይቅ የነበረው መልስ አንድ ነው፤ «ሲስተም የለም»። ሌላው ጥቅል ተቀባይዋ አድራሻ ቀይራ ኖሮ ተመልሶ መጣ። ደስ አለኝ፤ ቢያንስ አልጠፋም ብዬ። ልወስድ ስሄድ ቀረጥ ክፈይ ተባልኩ! በሽሮ ሜዳ የተሸመነ የራሴ ጋቢ ከውጭ አገር እንደገባ ዕቃ ተቆጠረ። ያ ሸማኔ ይህን ቢሰማ ይስቃል ወይስ ያለቅሳል?

አሁን ደግሞ ጽጌረዳን ተመልከቱ። ከሆለታና ከዝዋይ የተቆረጠች አበባ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ትደርሳለች፣ በካርጎ አውሮፕላን ትሳፈራለች፣ ሳትጠወልግ አውሮፓ ገበያ ትገኛለች። እሰየው! ማንም አይቃወምም። ግን በቀናት ውስጥ የምትረግፈውን አበባ በሰዓት ማድረስ የቻለ አገር፣ 20 ዓመት የሚለበሰውን ጋቢ በወር ማድረስ እንዴት ያቅተዋል? አውሮፕላኑ ያው አውሮፕላን፣ ሰማዩ ያው ሰማይ ነው። ልዩነቱ አበባው ባለ ኮንቴይነር ጌታ አለው፤ ጋቢው ያለው አንድ ሸማኔና አንድ ሴት ብቻ ነው። በሌላው አቅጣጫ ደግሞ የእኛው ጥለት በፋብሪካ ጨርቅ ላይ ታትሞ ከቻይና ይገባና እዚያው ሽሮ ሜዳ፣ ከሸማኔው ደጃፍ ላይ በርካሽ ይሸጣል። ሐሰተኛው ገብቶ እውነተኛው መውጣት ያቃተው ገበያ ይሏል ይኼ ነው።

የውጮቹንም በር አንርሳ። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም ጀምሮ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች። የአውሮፓ ሕብረት ከሰኔ 24 ቀን 2013 ዓ.ም ጀምሮ ከ22 ዩሮ በታች ለሆነ ዕቃ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃነት አነሣ። አሜሪካ ዋጋው ከ800 ዶላር ላልበለጠ ጥቅል የነበረውን የቀረጥ ነፃነት ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም ለሁሉም አገር አገደች፤ በዚያ ሰሞን የጀርመንና የህንድ ፖስታ ቤቶች ሳይቀሩ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ዕቃ መቀበል አቁመው ነበር። ደንበኞቼ «ስንት ቀረጥ እከፍላለሁ?» ብለው ሲጽፉልኝ የምመልሰው አጣሁ። ቢሮ ለቢሮ ዞሬ ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። የውጭውን መንግሥት ሕግ እንዲያስቀይሩልኝ አልጠየቅኋቸውም። ሕጉን አንብቦ የሚነግረኝ አንድ ሠራተኛ ነው የጠየቅሁት።

«የብር ምንዛሪ መስተካከል ላኪውን ጠቅሟል» የሚሉም አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ላኪውም ካመጣው ዶላር ግማሹን እንዲይዝ ተፈቀደለት። ጥሩ! ግን እስቲ ማን ነው «ላኪ»? በወረቀት ላኪ የሆነ ነዋ! እኔን ያገኘኝ የማድረሻ ሂሳቡ ነው፤ በዶላር የተተመነ ስለሆነ በብር ሲመነዘር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ጥቅሙ ለኮንቴይነሩ፣ ዕዳው ለካርቶኑ ደረሰ።

ባለሥልጣናት የሚያቀርቡት ምክንያት ይታወቃል፤ «በሩን ካላላነው ዶላር ይሸሻል፣ ኮንትሮባንድ ይስፋፋል» ነው። ጎበዝ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው! ዶላር የሚያሸሽ ሰው አንድ ጋቢ ተሸክሞ መስኮት ላይ ሲለማመጥ አይውልም። እሱ ትራንዚተር አለው፣ ጠበቃ አለው፣ ወረቀቱም ሁሌ የተሟላ ነው። ደግሞስ ቁጥጥር ከፈለጋችሁ የትኛው ይሻላል? ስሙ፣ ዋጋውና ተቀባዩ ተመዝግቦ በፖስታ ቤት የሚሄድ ጥቅል፣ ወይስ በማን ሻንጣ እንደሄደ የማይታወቅ?

ታሪካችንም ያሳፍረናል። የኢትዮጵያ ፖስታ የተቋቋመው በ1886 ዓ.ም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሸማኔውንም፣ ቀጥቃጩንም፣ ሸክላ ሠሪውንም በሙያው አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነገሩ፤ በ1901 ዓ.ም ደግሞ አገሪቱ የዓለም ፖስታ ሕብረት አባል ሆነች። ባለሙያው እንዲከበር፣ ጥቅሉም ዓለምን እንዲዞር የታሰበው በአንድ ሰሞን ነበር ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ስድቡ በአብዛኛው ቀረ። ዛሬ ሸማኔውን የሚንቀው ፎርሙ ነው።

መፍትሔው ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። ብራዚል ከሃያ ዓመት በፊት ጀምራ ትንንሽ አምራቾች ዕቃቸውን ፖስታ ቤት አስረክበው፣ አንድ ቀላል ቅጽ ሞልተው ወደ ውጭ እንዲልኩ አድርጋለች፤ የቀረውን ከጉምሩክ ጋር የሚጨርሰው ፖስታው ራሱ ነው። ፔሩም በ2000 ዓ.ም አካባቢ ይህንኑ ተከትላለች። የፔሩ ሸማኔ ከእኛ ሸማኔ በምን ይበልጣል? የዓለም ፖስታ እስከ 2 ኪሎ ለሚሆን ትንሽ ጥቅል የሚጠቀምባት የጉምሩክ መግለጫ ወረቀት እንኳ «ስጦታ» ከሚለው ሳጥን ሌላ «ሽያጭ» የሚል ሳጥን አላት። ዓለም ሳጥኑን አዘጋጅቷል፤ ምልክት እንዳናደርግበት የከለከለን የራሳችን ወገን ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይኸው ነው። አንደኛ፣ ከተወሰነ ዋጋ በታች ለሆነ የእጅ ሥራ ያቺ አንዲት ወረቀት ለጉምሩክም፣ ለባንክም፣ ለፈቃድም ትብቃ፤ ያለን የአገር ውስጥ ንግድ ፈቃድ ይበቃናል። ሁለተኛ፣ በባንክ ያስገባነው ዶላር ትንሽ ነው ተብሎ ሳይናቅ እንደ ትልቁ ላኪ መብት ይሰጠን። ሦስተኛ፣ አበባ ለሚጫንበት ሰማይ ጋቢም ተመጣጣኝ ዋጋ ይውጣለት። አራተኛ፣ የተመለሰ የራሳችን ዕቃ ቀረጥ አይጠየቅበት። አምስተኛ፣ የየአገሩን ደንብ አንብቦ የሚነግረን አንድ መስኮትና አንድ ሰው ይመደብልን። ከዚህ ውስጥ ብድር የሚያስፈልገው የቱ ነው? የውጭ ኤክስፐርት የሚጠራለትስ የቱ ነው?

ለነጋዴ ጓደኞቼም አንድ ቃል አለኝ። እያንዳንዳችን ለብቻችን መስኮት ላይ ስንለማመጥ «ነገ ተመለሽ» እየተባልን እንኖራለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሩን ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ ነን። ሽሮ ሜዳ በአንድ ድምፅ ይጠይቅ።

የሚመለከተው ክፍል ደግሞ «ተሳስተሻል፣ በሩ ክፍት ነው» የሚል ከሆነ በዚሁ ጋዜጣ ላይ ይመልስልኝ። የመስኮቱን ቁጥር፣ የሚከፈተውን ሰዓትና የሚያስከፍለውን ዋጋ ብቻ ይጻፍልኝ። በማግስቱ ጧት ጋቢዬን ይዤ ከፊቱ እቆማለሁ፤ ሲስተም ካለ!