የሽጉጥ አፈሙዝ ቢረዝም ምን ይጠቅማል?

«አፈሙዙ የረዘመ መሣሪያ አርቆ ይመታል» የሚለው እምነት በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም ሥር የሰደደ ነው። ረጅሙ ጠመንጃ ከአጭሩ ሽጉጥ አርቆ እንደሚመታ የማያውቅ ስለሌለ፣ ሽጉጡም ቢረዝም ወደ ጠመንጃነት ይጠጋል ብሎ መገመት ቀላል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ግምቱ በአመዛኙ የተሳሳተ ነው ባይ ነው። የሳይንስ መጽሔት ስለ ጦር መሣሪያ ምን አገባው የሚሉ የሥራ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሥራንና የኢነርጂን ትምህርት ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ለዚህ ጥያቄ ታሪክ ራሱ ጥሩ ሙከራ አዘጋጅቶልናል። ጌዮርግ ሉገር የነደፈውን ሽጉጥ የጀርመን ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1904 በ150 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ተቀበለው። ምድር ጦሩ በ1908 ያጸደቀው የአፈሙዝ ርዝመት 100 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። በ1913 ደግሞ ለመድፈኞች ታስቦ 200 ሚሊ ሜትር አፈሙዝና በትከሻ የሚደገፍበት የእንጨት ሰደፍ ያለው ረጅም ሉገር ተፈቀደ። ሁለቱ የምድር ጦር ሽጉጦች የሚተኩሱት ያንኑ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። በመካከላቸው የሚታየው ትልቁ ልዩነት ርዝመት ነው፤ እጥፍ ርዝመት።

አሁን እናስላ። የአረሩ ክብደት 8 ግራም፣ ከአጭሩ አፈሙዝ ሲወጣ ያለው ፍጥነት በሰከንድ 350 ሜትር ያህል ነው እንበል። የእንቅስቃሴ ኢነርጂው 490 ጁል ይሆናል። ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍል በአፈሙዙ ልኬት ውስጥ ስለሚቆጠር፣ አረሩ እየተገፋ የሚጓዘው ርቀት ወደ 80 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ኢነርጂውን ለርቀቱ ስናካፍል ከ6 ሺህ ኒውተን በላይ የሆነ አማካይ ኃይል እናገኛለን። 12 ግራም ያህል በሚመዝን ጥይት ውስጥ የተኛ ኃይል መሆኑ ሲታሰብ የሚያስደንቅ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን ጥያቄ በፈተና ላይ ባቀረብኩ ቁጥር፣ አያሌ ተማሪዎች ያንኑ ኃይል ለ180 ሚሊ ሜትር ያባዙና 1,100 ጁል፣ ፍጥነቱን ደግሞ በሰከንድ 525 ሜትር ብለው ይመልሳሉ። የሒሳብ ስሌታቸው እንከን የለውም። ይሁን እንጂ በተግባር ሲለካ የዚህ ዓይነት ጥይት አፈሙዙ እጥፍ ሲሆንለት የሚያገኘው የፍጥነት ጭማሪ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ ማለትም በሰከንድ 385 ሜትር ያህል። ይህ ወደ 590 ጁል ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ 80 ሚሊ ሜትሮች 490 ጁል ሲሰጡ፣ የተጨመሩት 100 ሚሊ ሜትሮች የሰጡት 100 ጁል ብቻ ነው ማለት ነው። ተማሪዎቹ «ኃይሉ የማይለወጥ ከሆነ» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ቀመሩን ሲያጠኑ አብረው አላጠኑትም። ጥፋቱን በእነርሱ ላይ ብቻ መጣል አይገባም፤ እኛ መምህራንም ቀመር ስንሰጥ ቅድመ ሁኔታውን በአንድ ትንፋሽ እናልፈዋለን።

ኃይሉ ለምን ይወድቃል? የሽጉጥ ባሩድ በፍጥነት የሚነድ በመሆኑ አረሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሳይጓዝ ተቃጥሎ ያልቃል። ከዚያ በኋላ አዲስ ጋዝ አይመነጭም፤ ያለው ጋዝ እየሰፋ፣ እየቀዘቀዘ፣ ግፊቱም እያሽቆለቆለ ይሄዳል። የአፈሙዙ ግድግዳ ሰበቃ ግን አረሩን መያዙን አይተውም። በአነስተኛዋ ባለ .22 ጥይት ላይ ይህ በግልጽ ይታያል፦ አፈሙዙ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ በኋላ ርዝመት መጨመር ፍጥነትን መጨመሩን ያቆማል፤ እንዲያውም ይቀንሰው ይጀምራል።

ታዲያ ጠመንጃው ረጅም ሆኖ የሚጠቀመው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው በቀለሁ ውስጥ ነው። የሽጉጡ ጥይት የሚይዘው ባሩድ 0.4 ግራም ያህል ሲሆን፣ የጀርመኑ የ1898 ማውዘር ጠመንጃ ጥይት ግን 3 ግራም ገደማ ይይዛል። የማውዘሩ ቀለህ ይዘት 4 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ የሽጉጡ ደግሞ 0.86 ነው። ጋዙ ከቀለሁ ተነሥቶ አረሩ እስኪወጣ ድረስ ስንት እጥፍ ይሰፋል ብለን ብንጠይቅ፣ በ740 ሚሊ ሜትሩ የማውዘር አፈሙዝ ወደ 9 እጥፍ፣ በ100 ሚሊ ሜትሩ ሽጉጥ ወደ 7 እጥፍ ሆኖ እናገኘዋለን። በዓይን ሲታይ አንዱ የሌላውን ከሰባት እጥፍ በላይ ይረዝማል፤ በጋዙ ዘንድ ግን ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። አጭር የምንለው ሽጉጥ ለጥይቱ አጭር አይደለም። ረጅሙ ሉገር ጋዙን ወደ 14 እጥፍ እንዲሰፋ ያስገድደዋል፤ ከጠመንጃውም አልፎ ሄዷል ማለት ነው። የአፈሙዝ ርዝመት የሚለካው በማስመሪያ ሳይሆን ከበስተኋላው ካለው ባሩድ ጋር በማነጻጸር ነው።

የዚያ ሽጉጥ ማነጣጠሪያ እስከ 800 ሜትር ድረስ ምልክት ተደርጎበት እንደነበር ሳነብ ፈገግ ማለቴ አልቀረም። አየር ፈጽሞ ባይኖር እንኳ አረሩ 800 ሜትር ለመጓዝ 2.1 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከተነጣጠረበት መስመር 21 ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። የአየር መከላከል ሲታከልበት ደግሞ ከዚህ እጅግ ይብሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ተኩስ 10 በመቶ የፍጥነት ጭማሪ የሚፈይደው ነገር የለም።

በፍትሐዊነት ለመናገር ረጅም አፈሙዝ አንድ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ጥቅሙ ግን ለአረሩ ሳይሆን ለዓይን ነው። በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት 200 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ተኳሹ ፊተኛውን በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢያዛንፍ፣ በ25 ሜትር ላይ ስሕተቱ 62 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ርቀቱ 300 ሚሊ ሜትር ቢሆን ወደ 42 ይወርዳል። ክብደቱ ወደ ፊት መሄዱም የእጅን መንቀጥቀጥ ያለዝበዋል። የሚገርመው፣ በረጅሙ ሉገር ላይ ኋለኛው ማነጣጠሪያ የተተከለው እላዩ ላይ፣ በራሱ አፈሙዝ ጀርባ ነበር። በመሆኑም በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አልሞላም። 150 ሚሊ ሜትሩ የባሕር ኃይል ሉገር ኋለኛውን ማነጣጠሪያ ከሽጉጡ መጨረሻ ላይ በማድረጉ በዚህ ረገድ ይበልጠው ነበር።

ስለዚህ ለዒላማ ተኳሽ 150 ሚሊ ሜትር ምክንያት ያለው ርዝመት ነው፤ ሽጉጥ በወገቡ ታጥቆ ለሚውል ሰው ግን ከ100 በላይ የሚጨመረው ብረት በአብዛኛው ሸክም ነው። የዓለም አቀፉ የዒላማ ተኩስ ፌዴሬሽን ለ25 ሜትር የሽጉጥ ውድድር ባወጣው ደንብ አፈሙዙ ከ153 ሚሊ ሜትር፣ በማነጣጠሪያዎቹ መካከል ያለው ርቀትም ከ220 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ወስኗል።