ጊታርና አንዲት ልጅ

ሰኔ 4 ቀን 1980 ዓ.ም. በለንደን የኔልሰን ማንዴላ 70ኛ የልደት በዓል ሲከበር፣ ስቲቪ ወንደር የሙዚቃ ዕቃው ስለ ጐደለበት በሰዓቱ ሊወጣ አልቻለም። በምትኩ የ24 ዓመቷ ትሬሲ ቻፕማን ጊታሯን ብቻ ይዛ ቀረበች። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ሸክላዋ በየአገሩ ተፈላጊ ሆነ።

ከዘፈኖቿ አንዱ፣ ጠጪ አባቷን ለመጦር ትምህርቷን ያቋረጠች፣ በፈጣን መኪና ከድህነት ለማምለጥ የተመኘች ልጅ ታሪክ ነው። መኪናው ከተማ አስለወጣት እንጂ ዕድሏን አልለወጠም፤ ወዳጇም እንደ አባቷ ጠጪ ሆነ። ይህን ሁሉ የምትነግረን ሳትጮኽ ነውና ኀዘኑ ልብ ይነካል።

ዘፈኑ በሌላ ዘፋኝ ድምፅ ታድሶ፣ በ2016 ዓ.ም. የአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ ማኅበርን የዓመቱ ዘፈን ሽልማት አስገኘላት።

አንባቢ ሆይ፣ ከደመወዝህ ከፍለህ ወላጆችህን የምትጦር ከሆንህ፣ ይህን ሸክላ ስትሰማ አስተርጓሚ አያሻህም።